የቡርቃ አዲ ጨው

ግራ ጆሮዬ አይሰማም። በኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ድማሚት ሳፈነዳ ኖሬ ከሁለቱ አንዱ መትረፉም ተመስገን ነው። መንደርተኛው ይህን ስለሚያውቅ ሊያማኝ የፈለገ በግራዬ ይቀመጣል። በቀኜ መጥቶ የተቀመጠ ሰው ግን የሚፈልግብኝ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን ሶረቲ ቤቴ መጥታ በቀኜ ተቀመጠች።

ሶረቲ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ የአምቦ ልጅ። ከጎጆ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ቁልቁል ወርዳ እኛ ዘንድ ስትመደብ፣ ክረምቱ ሳይወጣ የጄልዱ ብርድ ያባርራታል ብዬ ከሊቀ መንበራችን ከጀቤሳ ጋር በበግ ተወራርጄ ነበር። መስከረም ሲጠባ ሶረቲ ሁለት ሹራብ ደርባ ከነቦርሳዋ እዚያው ነበረች፤ በጉን ጀቤሳ በላው። አሁን አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«ኦቦ አመዩ፣» አለችኝ፣ «ካባው ውስጥ ሲሠሩ ዋሻ አጋጥሞዎት ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኳት።

ዋሸኋት። አመስግናኝ ወጣች፤ እኔም የገብስ ጠላዬን እስከ አተላው ጠጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራችን በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ እሠራበት የነበረው የኖራ ፋብሪካ ድንጋይ ሲያወጣበት የኖረው ጉድጓድ ዛሬ ሐይቅ ነው። ወንዝ አይገባበትም፤ ከድንጋዩ ሥር ውሃ እየመነጨ ሞላው፣ ፋብሪካውም ማሽኑን ጭኖ ሄደ። መልኩ ያምራል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ፎቶ ይነሱበታል። ከሐይቁ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት ሲወርዱ ደግሞ ቡርቃ አዲ አለ። ነጩ ምንጭ ማለት ነው፤ ውሃው የነካው ድንጋይ ሁሉ ኖራ እየለበሰ ስለሚነጣ እንዲያ ተባለ። ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከእሱ ነው። ሌላ ውሃ የለንም።

በዚያ ዓመት መንገድ የሚሠራ ኮንትራክተር ካምፑን ከሐይቁ ዳር ተከለ። ሾፌሮቹ መኪና ያጥቡበት ጀመር፣ የተቃጠለ ዘይት ይደፉበት ጀመር፣ የካምፑ ሽንት ቤትም ወደዚያው ይፈስሳል። ከጥቅምት ወዲህ ሶረቲ መዝገቧ ላይ የምትጽፈው የተቅማጥ ሕመምተኛ እጥፍ ሆነ። በዚህ ላይ ኮንትራክተሩ ለቀበሌው ማመልከቻ አስገባ፤ መንገዱ እስኪያልቅ ሦስት ዓመት የካምፑን ቆሻሻ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ልጣል፣ በምላሹ የመሰብሰቢያ አዳራሽ እሠራላችኋለሁ የሚል ነው። ስብሰባው ለሐሙስ ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ተቀጠረ። ጀቤሳ አዳራሹን ከወደደው ቆይቷል፤ እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ወደነዋል።

የሐይቁ ውሃ ቡርቃ አዲ ይደርሳል ያለችው ሶረቲ ብቻ ናት። ሐይቁ መውጫ የለውም፣ በበጋ ግን ፀሐይ ከምትጠጣው በላይ ይጎድላል ትላለች፤ በዳሩ ድንጋይ ላይ በቀለም ምልክት እያደረገች ስትለካ ከርማለች። ከወረዳው የሚመጣው የውሃ ባለሙያ ትንሳኤ ሰማትና ማስረጃ አምጪ አላት። ትንሳኤ ክፉ ሰው አይደለም። ያላየውን የማይፈርም ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል።

እሷም ማስረጃ ልታመጣ ተነሣች። ከየቤቱ የገብስ ገለባ ለምና በአምስት ማዳበሪያ ሞልታ፣ ከሴቶቹ ጋር ሐይቁ ላይ በተነችው። በሦስተኛው ቀን ቡርቃ አዲ ላይ ገለባ ተንሳፍፎ ታየ። እልልታው ቤቴ ድረስ በአንድ ጆሮዬ ተሰማኝ። ትንሳኤ ከጎጆ በሞተር መጣ፣ ተንበርክኮ ገለባውን ዘገነ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ዳገቱን አየ። ከምንጩ በላይ የጀቤሳ አውድማ አለ። ወሩ የውቂያ ወር ነው፤ ነፋሱ ገለባውን በምንጩም በሰዉም ራስ ላይ ያወርደዋል። ትንሳኤ ከገዛ ፀጉሩ አንዲት ገለባ ነቅሎ ለሶረቲ አሳያትና ይችም ከሐይቁ ናት ወይ ብሎ ጠየቃት።

ሰው ሳቀ። በገብስ አገር፣ በውቂያ ወር፣ በገብስ ገለባ ውሃ መመርመር! የከተማ ልጅ ሞኝነት ነው እንዳንል ገለባውን ተሸክመን የወጣነው እኛው ነን። አብሬ ሳቅሁ። ሶረቲ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም፤ ባዶ ማዳበሪያዎቿን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ ሄደች። ያን ቀን በራሴ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ያ ገለባ በዚያ መንገድ ሊያልፍ እንደማይችል ከመጀመሪያው የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በ1985 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ የካባውን የምዕራብ ግድግዳ ስናፈነዳ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ። ባትሪ ይዤ ገባሁ። ውስጡ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል አዳራሽ ነው፤ ውሃ እየተንኮለኮለ ወደ ሆዱ ይወርዳል። ስወጣ ፎርማኑ ብቻውን ይጠብቀኝ ነበር። ይህን ያየነው ሁለታችን ነን አለኝ፤ ጂኦሎጂስት ከመጣ ሥራው ይቆማል፣ ሰማንያ ሰው ቤቱ ይገባል። በማግሥቱ ሠራተኛው ምሳ ላይ ሳለ ሦስት ጉድጓድ ሰርስሬ ድማሚት ቀበርኩበትና የዋሻውን አፍ ደረመስኩት። በሳምንቱ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ በፋብሪካው መኪና ቤቴ ደጅ ተራገፈልኝ። ያኔ ጣሪያችን ሣር ነበር፣ ክረምት በገባ ቁጥር እኔና ወርቂቱ አልጋችንን ከጥግ ወደ ጥግ ስንገፋ እናድር ነበር። ቆርቆሮው የጥሩ ሠራተኛ ሽልማት ነው አልኳት፤ ደስ አላት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ። ለካስ ካባው ውስጥ የሚመነጨው ውሃ የሚወርደው በዚያ ዋሻ ኖሯል። አፉ ሲዘጋ ውሃው መሄጃ አጣና ካባውን ይሞላ ጀመር። ፓምፕ አመጡ፣ አልቻለም። በሁለተኛው ዓመት ሥራው ቆመ፣ ሰማንያችንም ቤታችን ገባን። ፎርማኑ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ኖረ። ሰው ያንን የሚያምር ሐይቅ ማን ሠራው ሲል እግዜር ነው ይባላል፣ እኔም ከሌላው ጋር አሜን እላለሁ።

ከገለባው ማግሥት የልጄ ልጅ መቲ ታመመች። ሦስት ዓመቷ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣት አድሮ ጠዋት ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። ሶረቲ መጣች። የትናንቱን ሳቅ ያልሰማች ይመስል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አስቀረበች፣ ኦአርኤስ የሚባለውን የተቅማጥ ዱቄት ቀድዳ ጆግ ውስጥ ጨመረች፣ በማንኪያ ታማስል ጀመር። ዱቄቱ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ውሃው ያው የቀድሞው ውሃ ነው። ማንኪያውን ተቀብዬ ቀመስኩት፣ ጨው ጨው ይላል።

ለመቲ በማንኪያ እያጠጣች በዝግታ ነገረችኝ። ሐሙስ ድረስ አንድ ሳምንት አላት። ማንም ባያግዛት የሐይቁን ዙሪያ ብቻዋን በዶማ ትፈትሻለች፤ ካልሆነም ስብሰባው ላይ የታመሙትን ሁሉ ስም ከመዝገቧ ቆማ ታነባለች፣ የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ግን ማንኪያውን እያየሁ ስለ ድንጋይ አስብ ነበር። የደረመስኩት ድንጋይ ገለባን ያጣራል። ጨውን በምን ያጣራዋል?

«ነገ ረጅም ገመድ ይዘሽ ነይ» አልኳት። «ዋሻ አለ። ድሮ በራሱ ተደርምሶ ነው የተዘጋው፤ ሌላ መግቢያ አውቃለሁ።»

ግማሹን እውነት አወጣሁ፣ ግማሹን ዋጥኩ። ሶረቲ ለምን እስከ ዛሬ ብላ አልጠየቀችም።

ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ጥዱ ውስጥ አንድ ስንጥቅ አለ። በብርድ ጠዋት እንፋሎት ይወጣዋል። ከብት ጠባቂዎች ጋኔን ይተነፍስበታል ይላሉ፤ እኔም አስተባብዬ አላውቅም፤ ጋኔኑ ቢጠብቅልኝ ይሻላል ብዬ። ገመዱን ከጥዱ ግንድ ጋር አሰርኩት። ወርቂቱ ቋጠሮውን ልትጠብቅ አብራን መጥታ ነበር። ሰውነቴንና ስንጥቁን አስተያይታ፣ እዚያ ከሞትክ መቃብር የሚቆፍርልህ የለም፣ ገብተህበት ነው የምትቀረው አለችኝ። እንዲህ ስትል እንደምትፈራልኝ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጠባብ ነው። ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ክርኔና ጉልበቴ እየተላጠ፣ አሥር ክንድ ያህል ተንሸራተትኩ። ከዚያ እግሬ መሬት አጣ። ሶረቲ ቀድማኝ ወርዳ ነበርና የግንባር ባትሪዋን ወደ ላይ አብርታ የምረግጠውን ቋጥኝ አሳየችኝ። ስቆም ያ አዳራሽ ነው። አልተለወጠም፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ከጣሪያው እንደ ላም ጡት የተንጠለጠሉ ድንጋዮች ጫፋቸው ላይ ጠብታ ይዘዋል፤ አንዷ ጠብታ ስትወድቅ ሌላዋ ትተካለች። ከሥራቸው ነጫጭ ጉብታዎች በቅለዋል። ወለሉ እርከን በእርከን ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ውስጥ ውሃ ተኝቷል፣ ጥራቱ ጥልቀቱን ያሳስታል። የሌሊት ወፎች ራሳችን ላይ ተንጫጩ። ሶረቲ ቆማ ዙሪያዋን ስታይ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ከመጣች ወዲህ ስትደነቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ኖራ ድንጋይ የማውቀውን ነገርኳት። ውሃ ይበላዋል፣ ቀስ ብሎ፣ ሺህ ዓመት ታግሦ። ውሃ ሺህ ዓመት የፈጀበትን እኔ በሦስት ጉድጓድ ድማሚት በአንድ ምሳ ሰዓት ገልብጬዋለሁ፤ ይህንን ግን ለራሴ ነው ያልኩት።

የውሃው ድምፅ ከሁሉም በኩል የሚመጣ መሰለኝ። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ጨለማ ውስጥ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። እሷ በጆሮዋ መራችኝ፣ እኔ በሚያዳልጠው ላይ ክንዷን ያዝኳት፤ የትኛው ድንጋይ ሰው እንደሚሸከምና የትኛው እንደሚከዳ በእጄ ዳብሼ አውቃለሁ። እንዲህ እየተረዳዳን አንድ መቶ እርምጃ ያህል ሄድን። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፣ የናፍጣ ሽታ። ከዚያ ክምሩ መጣ።

ከወለል እስከ ጣሪያ የተቆለለ ድንጋይ። በመሃሉ በሃያና በሠላሳ ቦታ ውሃ ይሾልካል፤ ሥሩ ላይ ተሰብስቦ ጅረት ይሆናል። ሶረቲ ስታበራበት ላዩ ላይ የዘይት ቀለም ተዘረጋ። የሐይቁ ውሃ ነው። ጅረቱ ስልሳ እርምጃ ሄዶ፣ ጭንቅላት እንኳ በማያስገባ ቀዳዳ ወደ ታች ይገባል።

ሶረቲ ወደ ክምሩ ተመለሰች። አንዱ ቋጥኝ ላይ ቀጥ ያለ፣ የለሰለሰ ቦይ አለ። ለድማሚት የተሰረሰረ ጉድጓድ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ግማሹ እንዲያ ይቀራል። ጣቷን ከላይ እስከ ታች አስኬደችበት። መብራቷን ወደ ፊቴ አላዞረችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

«ይህን የሠራው ውሃ አይደለም» አለች።

«ፋብሪካው ነው» አልኩ።

«ሐሙስ እርስዎ ይናገራሉ?»

«ጨው ይናገራል» አልኳት። «የእኔ መናገር ምን ይጨምራል?»

በማግሥቱ ጎጆ ወጥታ ትንሳኤን አገኘችው፤ ጨው ሐይቁ ውስጥ ይሳሳል፣ ዋሻው ጅረት ላይ በትነን ምንጩ ላይ እንቅመሰው አለችው። የጨው መለኪያ መሣሪያ ከአምቦ በደብዳቤ መጠየቅ አለበት፣ የሚደርሰው ከገና በኋላ ነው አላት። ቢሆንም ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ራሱ ምንጩ ዳር ሊቀመጥ ተስማማ፤ ማንም ሰው ቦርሳም ሆነ ማዳበሪያ ይዞ እንዳይጠጋ፣ ጨው የሚገባበትንም ሰዓት ከምንጩ ዳር ያለ ሰው እንዳያውቅ አለ። ፍርዱን ለከብቱ እንስጠው ያልኩት እኔ ነኝ። የሰው ምላስ ሊያዳላ ይችላል፣ ላም ግን ሆራ ታውቃለች። ከብታችንን በየተወሰነ ጊዜ ጨዋማውን ውሃ ልናጠጣ ቆላ እናወርዳለን፤ ሽታው ሲደርሳት መሮጥ ትጀምራለች፣ ከጠጣች በኋላም ዱላ አያስነሣትም። ቡርቃ አዲ ላይ ግን ጠጥታ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።

ጨውን ከየቤቱ ሴቶቹ አመጡት። በቆርቆሮ ጣሳ፣ በቅል፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው። ከገለባው ቀን ሳቅ የተረፈ ሁሉ በዚያ ጨው የታጠበ መሰለኝ። ሦስት ኩንታል ሞላ። ቡርቃ አዲ ለዕለቱ አይቀዳም ተብሎ እንስራውና ጀሪካኑ ረቡዕ ማታ ተሞልቶ አደረ።

ሐሙስ ማለዳ ማዳበሪያዎቹን በገመድ አወረድናቸው። እኔና ሶረቲ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ጅረቱ ውስጥ ስንበትን ቆየን፤ እጄ የተላጠበት ቦታ ሁሉ ተቃጠለ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል እያልኩ ነበር የምበትነው። የመጨረሻውን ማዳበሪያ አራግፈን ወጣንና ቁልቁለቱን ወደ ምንጩ ወረድን።

ስብሰባው ምንጩ ዳር ካለው ዝግባ ሥር ነበር። ጀቤሳ ጠረጴዛ አስወጥቷል፣ የኮንትራክተሩ ተወካይ ሰነዱን በፕላስቲክ ይዟል፣ ትንሳኤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በየግማሽ ሰዓቱ በእፍኙ ይቀምሳል። አምስት ሰዓት፤ የለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አምስት ተኩል፤ ያው። ስድስት ሰዓት ላይ የታችኛው ሠፈር ከብት ተራውን ጠብቆ መጣ። ከብቶቹ ጠጡ፣ አፋቸውን ላሱ፣ ዞረው ሄዱ።

አንድ ሰው ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ። ተወካዩ ውሃ ለመቅመስ አልመጣሁም አለ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ጀቤሳ ሶረቲን አያትና፣ ልጄ፣ ጠበቅንሽ፣ ብዕሩን ላንሣ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። ሶረቲ በቀኜ ቆማ ነበር። መዝገቧን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ስሞቹን ልታነብ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የመቲ ስም እንዳለ አውቃለሁ። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ጨው እንዲናገርልኝ የፈለግሁት እኔ እንዳልናገር ነው። ይህ ያኔ ገባኝ። ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ፣ ከኪሴ የድሮ የሥራ መታወቂያዬን አውጥቼ አስቀመጥኩ። በአምቦ የድሮ ስም፣ ሀገረ ሕይወት አውራጃ የሚል ማኅተም አለበት፣ ከሥሩ ድማሚት አፈንጂ ይላል።

«ጀቤሳ፣ ብዕሩን አስቀምጥ» አልኩ። «ሐይቁን የሠራው እግዜር አይደለም፣ እኔ ነኝ። በሰማንያ አምስት ግንቦት ከካባው ወደ ታች የሚወርድ ዋሻ ተከፈተ። ውሃው የሚሄደው በዚያ ነበር። ሥራው እንዳይቆም ብዬ በድማሚት ዘጋሁት። በማግሥቱ ይህ ምንጭ ነጭ ሆኖ ሦስት ቀን ደፍርሶ ወረደ። የምታስታውሱ ካላችሁ ተናገሩ። ለዝምታዬ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ተቀብያለሁ፣ ከሥሩ እተኛለሁ። ሶረቲ ስትጠይቀኝም ዋሽቻታለሁ።»

ወርቂቱ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ወደ እሷ ማየት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የተናገሩት የጀቤሳ እናት ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት። ምንጩ የነጣ ጊዜ የታናሽ ልጃቸው ሠርግ ሳምንት እንደነበር፣ ጠላውን በዚያ ውሃ ጠምቀው እንደተበላሸባቸው ተናገሩ። ሌላ ሽማግሌ አዎ አለ። ሌላም ጨመረ። ከዚያ ጥያቄው መጣብኝ፤ ለምን ዋሸህ፣ ለምን እስከ ዛሬ፣ ሲታመሙ እያየህ ለምን። ከአንዱም አልሸሸሁም። አንዳንዱ በግራዬ በኩል ስለነበር ድገሙልኝ እያልኩ መለስኩ። ተወካዩ የአንድ ሽማግሌ ወሬ ማስረጃ አይሆንም አለና ትንሳኤን አየ። ትንሳኤም ማስታወሻው ላይ እየጻፈ፣ በእርግጥ ገና አይሆንም አለ።

በዚህ መሃል ስምንት ሰዓት ሆኖ የላይኛው ሠፈር ከብት ከዳገቱ ብቅ አለ። የእኛም ላም ዳለቻ ውስጡ ናት። አርጅታለች፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የምትመጣው። አንድ ሃምሳ እርምጃ ሲቀራት ቆመች፣ አፍንጫዋን አነሣች፣ ከዚያ መሮጥ ጀመረች። ሌሎቹም አብረዋት ሮጡ። ጠረጴዛውን ገፍተው፣ ሰውን በታትነው፣ ምንጩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ጠጡ፣ ጠጡ። ጠባቂዎቹ በዱላ መቷቸው፣ የሚነቃነቅ ጠፋ። ዳለቻ ጠጥታ ስትጨርስ የነጣውን ድንጋይ ትልስ ገባች።

ትንሳኤ ከነጫማው በከብቶቹ መሃል ገባ። በእፍኙ ዝቆ ቀመሰ። ቆየና ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ በሁለት እጁ ይዞ ለጀቤሳ አመጣለት።

«ጨው ነው» አለ።

ጀቤሳ ቀምሶ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ተወካዩም ቀመሰና ተፋው፤ ሰነዱን ከነፕላስቲኩ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። ትንሳኤ እዚያው ቆሞ፣ ሱሪው እየተንጠባጠበ፣ ለወረዳውና ለዞኑ የሚላከውን ጽፎ ፈረመበት፤ ሐይቁ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይጣል፣ ካምፑም ከዳሩ እንዲነሣ። እልል ያለ አልነበረም። ሁላችንም እስከ ዛሬ ስንጠጣ የከረምነው ምን እንደሆነ ስለገባን ይሆናል። ሶረቲ መዝገቧን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በከብቶቹ መሃል ገብታ ዳለቻን አንገቷን አሸቻት። ሽማግሌዎቹ የእኔን ጉዳይ ከገና በኋላ እናየዋለን አሉ። ቅጣት ይገባኛል፣ አልተከራከርኩም።

ማታ ወርቂቱ ጎመን አቀረበች። ጨው የለውም። የቤታችንን ጨው እስከ መጨረሻዋ ቁንጥር አንጠፍጥፋ የሰጠችው እሷ ናት፤ የጎጆ ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው። በዚያ ምሽት በመንደሩ ሁሉ የተበላው ያው ጨው አልባ ወጥ ነው።

ስንበላ በግራዬ ተቀመጠች። አንድ ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ተነሥታ በቀኜ መጥታ ተቀመጠች።

«ስንት ነበር ያልከው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

ቀና ብላ ጣሪያውን አየችው። ሃያ ስድስት ክረምት አላፈሰሰብንም።

«የምንጩ ራስ ክፍት ነው» አለች። «ዛሬ ከብቱ ረግጦ አጨቀየው፤ የሚጋርደው ያስፈልጋል። ነገ መሰላል ታመጣለህ።»

«ከየት በኩል ልጀምር?»

«ከአልጋችን በላይ ካለው ቆርቆሮ» አለችኝ።

እሺ አልኳት፣ ጨው የሌለውን ጎመን ጨርሼ በላሁ።